ቁጥር አንድ ማነው?

ጥሩዬ ሰው መናቅ የጀመረችው ትናንት አይደለም። ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር በተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የስልክ ማዞሪያው ፊት ተቀምጣለች። ከላይ «የለም በይው» የሚል አለቃ፣ ከውጭ «አለ ወይ?» የሚል ባለጉዳይ፤ መሐል ሆና ውሸቱን በለሰለሰ ድምፅ የምታቀብለው እሷ ናት። ማን ሚስቱን እንደሚፈራ፣ ማን ለበታቹ ሲጮኽ ድምፁ ወፍሮ ለአለቃው ሲደውል እንደሚቀጥን ጠንቅቃ ታውቃለች። እንዲህ የኖረች ሴት ሰው ብታከብር ነበር የሚገርመው።

በ2000 ዓ.ም.፣ የሚሊኒየሙ ባንዲራ ከየአጥሩ ሳይወርድ፣ ድርጅቱ «ዘመናዊ ሆነናል» አለና ሠላሳ ስምንት ኮምፒውተር ገዝቶ በኔትወርክ አገናኘ። ገመዱን የዘረጉት ሰዎች ሥራቸውን አስረከቡ፣ አስፈረሙ፣ ሄዱ። ዋናዎቹን ሳጥኖች የተከሉት ጥሩዬ ክፍል ውስጥ ነው፤ የሕንፃው ገመድ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ስለሆነ። ከዚያ ወዲያ «የኔትወርክ ባለሙያ» ተብሎ ተስፋለም ተቀጠረ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ክራባቱ ከአንገቱ አይወርድም፤ አራት ሰርተፊኬቶቹን በመስታወት አስገብቶ ከጠረጴዛው በላይ ሰቅሏቸዋል። ጥሩዬ አንድ ቀን ልታያቸው ገብታ ከአራቱ ሁለቱ «ተሳትፏል» እንጂ «አልፏል» እንደማይሉ አንብባ ወጣች።

ተስፋለም ለሠራተኛው የሦስት ቀን ሥልጠና እንዲሰጥ ታዘዘ። ጥሩዬም ከሠልጣኞቹ አንዷ ነበረች። የእሷ ማዞሪያ በቅርቡ ተነቅሎ ራሱ የሚያገናኝ ማሽን ይመጣል እየተባለ ነበር፤ ለጡረታ ደግሞ ሦስት ዓመት ቀርቷታል። ሥልጠናውን ካለፈች ኔትወርክ ክፍል ትመደብ ይሆናል፣ ካላለፈች ግን ሦስቱን ዓመት የምትቆይበት ወንበር የለም። ይህን ያለ አንዳች ሐፍረት ነግረዋታል።

«ኔትወርክ ማለት» አለ ተስፋለም፣ ሦስተኛ ፎቅ አዳራሽ ውስጥ በጣቱ ክራባቱን እያስተካከለ፣ «ማለቴ... ቱ ኦር ሞር ዲቫይስስ ኮኔክት ሲያደርጉ ነው። ስዊች ማለት ስዊች የሚያደርግ ዲቫይስ ነው። ራውተር ማለት ደግሞ ራውት የሚያደርግ። በቃ።»

ሠልጣኙ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። ጥሩዬ አልጻፈችም።

«ይቅርታ ልጄ» አለች። «ስዊቹ እዚሁ ቤት ውስጥ ያለውን እርስ በርሱ ያገናኛል፣ ራውተሩ ደግሞ ከቤት ወደ ውጭ ያወጣል ማለትህ ነው?»

«እሱ እንኳን... ወይዘሮ ጥሩዬ፣ ኮንሴፕቱ ትንሽ አድቫንስድ ነው። አይጨነቁበት።»

አልተጨነቀችም። ገብቷታል። ይህ ሁሉ ስሙ ተለውጦ እንጂ እሷ ስትሠራው የኖረችው ሥራ ነው። ስዊቹ የእሷው ማዞሪያ ነው፤ ከሁለተኛ ፎቅ የመጣውን አራተኛ ፎቅ ያደርሳል። ራውተሩ ሠራተኛው ዘጠኝን ነክቶ የውጭ መስመር ሲጠይቃት የምትሰጠው የውጭ መስመር ነው። አይፒ አድራሻ የሚሉት የውስጥ ስልክ ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ አለው፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊይዙ አይችሉም። ጌትዌይ የሚሉት ደግሞ የበሩ ቁጥር ነው። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ «ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ሲኖርህ ለቁጥር አንድ ስጥ» ተብለዋል፤ ቁጥር አንድ ራውተሩ ነው። ፒንግ ማለት «አለህ?» ብሎ መጣራት ነው፤ የተጠራው ካለ «አለሁ» ይላል፣ ከሌለ ዝም። ይህን ለማስረዳት ሦስት ቀንና ክራባት አያስፈልግም ነበር።

ፈተናውን ከሁሉም በላጭ ሆና አለፈች። ተስፋለም ውጤቱን ሲለጥፍ ስሟን ከታች ጻፈው፤ በፊደል ተራ ነው አለ።

ለሦስት ሳምንት ኔትወርኩ ሸጋ ሆኖ ሠራ። ጅቡቲ ወደብ ላለ ዕቃ የሚያስፈልገው ሰነድ በደቂቃ ይሄዳል፤ ድሮ በፋክስ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ከዚያ ተስፋለም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የአድራሻዎቹን ዝርዝር በሠንጠረዥ ጽፎ ወደ ዋና ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ ሀብተሥላሴ ላከ። ታታሪ መስሎ መታየት ፈልጎ ነው። ከዚያ በኋላ የተባለውን ጥሩዬ ቃል በቃል ሰምታዋለች፤ አቶ ሀብተሥላሴ ልጁን የተቆጡት በስልክ ነበር፣ እሷ ደግሞ አገናኝቶ መስመር መልቀቅ ልማዷ አይደለም።

«ይሄ የላክልኝ ምንድነው?»

«የአይፒ አድራሻ ዝርዝር ነው፣ ጌታዬ።»

«ዐሥራ ሦስት መዝገብ ቤት፣ ዐሥራ አራት ዋና ሥራ አስኪያጅ ይላል። እኔ ከመዝገብ ቤት ቀጥዬ ነው የምጻፈው?»

«ጌታዬ፣ ቁጥሩ ማለቴ... ደረጃ አያሳይም።»

«ደረጃ ካላሳየ ለምን ተቆጠረ? ይሄ ቁጥር አንድ የተሰጠው ራውተር የሚባለው ማነው?»

«ሳጥን ነው፣ ጌታዬ። ወይዘሮ ጥሩዬ ክፍል ያለው።»

ከዚያ አቶ ሀብተሥላሴ በጣም ቀስ ብለው፣ «ሳጥን አንደኛ፣ እኔ ዐሥራ አራተኛ» አሉ። «ቦርዱ ይህን ወረቀት ቢያየው ምን ይላል? ይስተካከል።»

ጥሩዬ ጆሮዋ ላይ ያለውን ማዳመጫ በእጇ ይዛ ብቻዋን ሳቀች። በዚህ ቤት ደብዳቤ ግልባጭ የሚደረገው በሥልጣን ተራ ነው፣ ስብሰባ የሚቀመጠው በሥልጣን ተራ ነው፣ የመኪና ማቆሚያው እንኳን ከበሩ ጀምሮ በሥልጣን ተራ ነው። ኮምፒውተር ብቻ ምን ቆርጦት ከዚህ ያመልጣል? አሁን ልጁ «ጌታዬ፣ አይሆንም፣ ቁጥር አንድ በሩ ነው» የሚል መስሏት ጠበቀች።

«እሺ ጌታዬ» አለ ተስፋለም።

በነጋታው አዲስ ሠንጠረዥ ወጣ፤ አንዱ ቅጂ ጥሩዬ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አንድ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት ምክትላቸው፣ ሦስት የአስተዳደር ኃላፊው፣ እያለ እየወረደ ሠላሳ ስምንት ጥሩዬ፣ አርባ ራውተር። ማኅተም ሁሉ ነበረው።

በዚያው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ማዞሪያው ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ በአንዴ በሩ። ከየፎቁ «ኢንተርኔት የለም!»፣ «ኢሜይል አልሄድ አለ!»፣ «ተስፋለምን ጥሪልኝ!» ይሏታል። ተስፋለም እየሮጠ ወረደ፤ ሳጥኖቹን አየ፤ አረንጓዴ መብራቶቻቸው እንደ ወትሮው ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ገመድ ነቀለ፣ ሰካ፣ ላቡን ጠረገ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ኔትወርኩ በራሱ ጊዜ መጣ። ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና ጠፋ። እንዲህ እያለ ሳምንት ሞላው፣ ዘጠነኛው ቀን ገባ።

ተስፋለም በእነዚያ ቀናት ያላደረገው የለም። የአራተኛ ፎቅን ገመድ በሙሉ አስቀየረ። ፕሪንተሩን ነቅሎ አንድ ቀን አሳደረው። ቫይረስ ነው ብሎ የሠራተኛውን ፍላሽ ሁሉ ሰበሰበ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ጥሩዬ ከወንበሯ ሳትነሳ ታየዋለች። ስልክ ኦፕሬተር ብልሽት ሲገጥመው ገመድ አይነቅልም፤ ሰዓት ይጽፋል። እሷም ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ በትንሽ ደብተር ጽፋለች። አራት ሰዓት ጠፋ፣ ስድስት ተኩል መጣ፣ ስምንት ጠፋ፣ ዐሥራ አንድ ተኩል መጣ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ አልጠፋም፤ ማክሰኞ አቶ ሀብተሥላሴ ናዝሬት ነበሩ።

አቶ ሀብተሥላሴ አራት ሰዓት ላይ ይገባሉ። መኪናቸው ስትቆም፣ ዘበኛው ሲሰግድላቸው፣ ደረጃው ሲንቋቋ ጥሩዬ ከክፍሏ ትሰማለች። ገብተው ኮምፒውተራቸውን ያስከፍታሉ፤ ካርታ ይጫወቱበታል እንጂ ሌላ አያውቁበትም። ምሳ ሲወጡ «ይረፍ» ብለው ያስዘጉታል። ከስክሪኑ ግርጌ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ ሲል ጸሐፊያቸውን ጠርተው ያስጠፉታል።

አንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገና እንደተቆለፈ፣ ጥሩዬ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ በሥልጠናው የተማረችውን ፒንግ ለቁጥር አንድ ላከች። ቁጥር አንድ እንግዲህ በአዲሱ ሠንጠረዥ አቶ ሀብተሥላሴ ናቸው፤ ማሽናቸውም ጠፍቷል፤ መልስ ሊኖር አይገባም። መልስ መጣ። አንድ ሌላ ነገር «አለሁ» አላት። ለቁጥር አርባ ላከች፤ ዝም።

ነገሩ ሁሉ ቁልጭ አለላት። ልጁ ያስተካከለው ወረቀቱንና የአለቃውን ማሽን ነው፤ ሳጥኑን አልነካውም። ራውተሩ ዛሬም ቁጥር አንድ ነው። አለቃው እስኪገቡ ኮምፒውተሮቹ «ቁጥር አንድ ማነው?» ሲሉ ራውተሩ «እኔ» ይላል፣ ደብዳቤያቸውም ወደ ውጭ ይወጣል። አራት ሰዓት ላይ አቶ ሀብተሥላሴ ይገቡና የእሳቸው ማሽንም «እኔ ነኝ» ይላል። የዋሆቹ ኮምፒውተሮች የቤቱን ደብዳቤ ሁሉ ለእሳቸው ያስረክባሉ፤ የእሳቸው ማሽን ደግሞ ደብዳቤውን ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። ፋይል ወደዚያ ቢሮ ገብቶ ሲወጣ ያየ ሰው ድሮስ መቼ ነበር? ሕትመት የሚሠራው፣ ከፎቅ ፎቅ መላላክ የሚቻለው፣ ውጭ ብቻ የሚዘጋውም ለዚህ ነው። ስዊቹ ጤነኛ ነው፤ ገመዱም ጤነኛ ነው።

እዚህ ላይ ጥሩዬ ዝም ብትል ኖሮ ምናልባት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ግን ንቀት እንደ ሳል ነው፣ አፍኖ መያዝ ያስቸግራል። ተስፋለም ገመድ ተሸክሞ ሲገባ ጠብቃ፣ ሰዓት የጻፈችበትን ደብተርና ከግድግዳው ያነሣችውን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ዘረጋችለት።

«አራት ሰርተፊኬት ይዘህ ሁለት መሣሪያ በአንድ ቁጥር ታስቀምጣለህ?»

ልጁ ደብተሯን አየ፣ ሠንጠረዡን አየ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ቁጥሩን ልቀይር ፓስወርዱ የለኝም። የተከሉት ሰዎች ሰጥተውኝ ነበር፤ ጠፋብኝ። ሪሴት ላድርገው፣ እንደ አዲስ ላስጀምረው ብል መልሼ ማስተካከሉን... በቃ፣ አላውቅበትም።»

«የእሳቸውን ወደ ዐሥራ አራት መልሰዋ!»

«ምን ብዬ ወይዘሮ ጥሩዬ? በሳጥን ተበለጡ ልበላቸው?»

ጥሩዬ ከላይ እስከ ታች አየችውና ፊቷን ወደ ማዞሪያዋ መለሰች። እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሏት አያውቅም።

በዚያው ሰሞን የድርጅቱ ትልቁ ደንበኛ ሰነዱ በጊዜ አልደረሰለትም ብሎ ወደ ሌላ አስተላላፊ ሄደ። ቦርዱ «ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በስም ይገለጽልን» ሲል ጻፈ። ስም ሲጠየቅ ስም መገኘት አለበት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተስፋለም አለቃው ቢሮ ገብቶ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ይህን ጊዜ በስልክ አልነበረምና ጥሩዬ የሰማችው የለም። እሱ ሲወጣ እሷ ተጠራች።

አቶ ሀብተሥላሴ ተነሥተው ተቀበሏት። በሃያ ሦስት ዓመት ተነሥተውላት አያውቁም።

«ተቀመጪ ጥሩዬ። ሥልጠናውን አንደኛ ወጣሽ አሉኝ፤ ኮራሁብሽ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ማዞሪያው መቼም መነሣቱ አይቀርም። እኔ ግን አንቺን የመሰለ አንጋፋ ሠራተኛ ሜዳ ላይ አልጥልም። የኔትወርክ ክፍል ረዳት ብዬ እስከ ጡረታሽ አስቀምጥሻለሁ። ደብዳቤው ተጽፏል፤ ሰኞ እፈርመዋለሁ።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ነገ ስብሰባ አለ። ብልሽቱ ታውቋል። ጽዳት ሠራተኛዋ ስታጸዳ ሳጥኑን ከኤሌክትሪክ እየነቀለች ነበር። አንቺ የምትጠየቂውን ብቻ መልሺ። ያላየሽውን አየሁ በይ አልልሽም፤ እኔ ውሸት አልወድም።»

ጽዳት ሠራተኛዋ ጀሚላ ናት። ስድስት ዓመት በኮንትራት ሠርታለች፤ ከቂርቆስ በእግሯ ትመጣለች፤ ሦስት ልጆች አሏት፣ ባል የላትም። ሳጥኖቹ ከተተከሉ ወዲህ ጥሩዬ ክፍል ስትገባ ወለሉን በደረቅ ጨርቅ ነው የምትጠርገው፤ ውሃ እንዳይረጭባቸው ፈርታ። እንኳን ልትነቅላቸው አጠገባቸው ስትደርስ ትንፋሿን ትውጣለች።

ጥሩዬ ከቢሮው ወጥታ ደረጃውን ስትወርድ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አለች ለራሷ። ተናዳለች። ደብተሯን ከመሳቢያ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ነገ ታሳያቸዋለች! ሳጥኑ ቢነቀል መብራቱ ይጠፋ ነበር፤ በእነዚያ ሁሉ ቀናት መብራቱ አንድም ጊዜ ጠፍቶ አያውቅም፤ እሷ እፊቱ ተቀምጣ ስታየው ነው የዋለችው። ይህን ለመናገር ሰርተፊኬት አያስፈልግም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ማታ ስትተኛም ስትነሣም ያንን ዓረፍተ ነገር አፏ ላይ ስታሰማምር ነበር።

አርብ ዐሥራ ሁለት ሰው በሥልጣን ተራ ተቀመጠ። ጀሚላ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ተቀመጪ ያላት ማንም የለም። የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ቡልቻ ቃለ ጉባዔ ያዙ።

መጀመሪያ ተስፋለም ተነሣ። ስለ ፓወር ሳፕላይ፣ ስለ አንፕላግ፣ ስለ ሪስታርት ብዙ ተናገረ፤ ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሣም። ከዚያ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው መወልወያ ይዛ ወደ ሳጥኑ ስትሄድ አይቻታለሁ አለ። ጥሩዬ በልቧ ሰደበችው፤ ይህ ሰው ምድር ቤት ወርዶ አያውቅም፤ ሥራ አስኪያጁ ያሰቡትን ግን ገና ሳይናገሩት ያያል። እንዲሁ ሌላ ሰው አየሁ አለ፤ ሌላም ጠረጠርኩ አለ። እንደ ንጉሡ አጎንብሱ ነው ነገሩ። ጥሩዬ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ የእያንዳንዳቸውን ድምፅ ታውቀዋለች፣ ዛሬ ሁሉም ቀጥኗል።

«በአላህ አልነካሁትም» አለች ጀሚላ። «ስለ ልጆቼ! መሰኪያው የት እንዳለ እንኳን አላውቅም።»

አቶ ቡልቻ ብዕራቸውን አንሥተው ወደ ጥሩዬ ዞሩ።

«ሳጥኑ ያለው እርስዎ ክፍል ነው። ኔትወርኩ በሚጠፋበት ሰዓት የሳጥኑ መብራት ጠፍቶ ነበር ወይስ በርቶ ነበር?»

እንዴት ያለ ጥያቄ! እግዜር ራሱ ያስጠየቀው ይመስል ነበር። በርቶ ነበር። ሁለት ቃል ነው። ጥሩዬ ቦርሳዋን ጨበጠች፤ የደብተሩ ጠርዝ በቆዳው ላይ ይዳሰሳል። አቶ ሀብተሥላሴን አየች። እሳቸው አላዩዋትም፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ ነበር የሚመለከቱት፣ ተረጋግተው፣ መልሱን እንደሚያውቅ ሰው። ሦስት ዓመት ትዝ አላት። ሰኞ የሚፈረመው ደብዳቤ ትዝ አላት። በዚህ ዕድሜዋ ማመልከቻ ይዛ ከመስቀል አደባባይ እስከ ሰንጋ ተራ በየቢሮው ደጅ ስትጠና ታያት።

«ስልክ ላይ ነበርኩ» አለች። «ልብ አላልኩትም።»

አቶ ቡልቻ ጻፉ። ድምፅዋ ለራሷ ጆሮ ቀጥኖ ተሰማት።

እሑድ፣ ማንም በሌለበት፣ ያኔ ሳጥኖቹን ከተከሉት ሰዎች አንዱ በጓሮ በር ገብቶ በመርፌ ጫፍ የራውተሩን ትንሽ ቀዳዳ ተጫነ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቁጥሩን አርባ አድርጎ፣ በሩ ወዴት እንደዞረ ለኮምፒውተሮቹ ሁሉ አስታውቆ ሄደ። አቶ ሀብተሥላሴ በቁጥር አንድነታቸው ጸኑ።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ መኪናዋ ቆመች፤ ዘበኛው ሰገደ፤ ደረጃው ተንቋቋ። ኔትወርኩ አልጠፋም። አምስት ሰዓት ሆነ፤ አልጠፋም። ከዚያ ከየፎቁ እርስ በርስ መደዋወል ጀመሩ፤ ጥሩዬ እያገናኘች ትሰማለች። «አየሽ? ጀሚላ ከተባረረች ወዲህ ሰላም ነው!» «እኔስ ድሮም ጠርጥሬያለሁ።» «እንዲህ ያለ ተንኮል! ምን አድርገናት ይሆን?» ጥሩዬ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ላይ አነሣችው።

የተፈረመው ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ጀሚላ ስትገባ ጥሩዬ ደብዳቤውን ገለበጠችው፤ ሴትዮዋ ማንበብ እንደማትችል ብታውቅም ገለበጠችው። ጀሚላ የሥራ ልብሷንና የቁልፎቹን ዘለላ ልታስረክብ ነው የመጣችው። ልብሱን አጥባ ተኩሳዋለች።

«ይሄው እትዬ ጥሩዬ። ለእርስዎ አስረክቢ አሉኝ።»

ጥሩዬ ተቀበለቻት።

«ደኅና ይሁኑ ልበልዎት ብዬ ነው እንጂ ለዘበኛውም መስጠት እችል ነበር» አለች ጀሚላ። ጎንበስ ብላ የጥሩዬን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «ያ ሁሉ ሰው ያላየውን አየሁ ሲል እርስዎ ብቻ አልመሰከሩብኝም። ሳጥኑ እርስዎ ዘንድ ነው፤ አንድ ቃል ቢሉ ታስሬ ነበር። አላህ ይክፈልዎት። ለልጆቼም ነግሬያቸዋለሁ፤ አንዲት ሰው ነበረች ብያቸዋለሁ።»

ጥሩዬ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ግምጃ ቤቱን፣ ተስፋለምን፣ ቡልቻን፣ ያን ሁሉ ሰው በሆዷ ስትሰድብ ከርማለች፤ ከእነሱ አንዱ እንኳን እንዲህ እጁን ተይዞ አልተመረቀም። ከሁሉም የረከሰችው እሷ መሆኗን ያን ጊዜ አወቀችው፤ አውቃም አልተናገረችም። «ጀሚላ» ብላ ጀመረችና ቦርሳዋን አየች። ደብተሩ አሁንም እዚያው ውስጥ ነበር።

ማዞሪያው ላይ የላይኛው መብራት በራ። የሥራ አስኪያጁ መስመር ነው። ጥሩዬ እጇን ከጀሚላ እጅ አወጣችና ማዳመጫውን አጠለቀች።

«አቤት ጌታዬ።»

«ያቺ ሴትዮ ቁልፉን አስረከበች?»

«አስረክባለች ጌታዬ።»

«ጎሽ። ዛሬ ሁሉም ሰላም ነው፣ አይደል?»

«ሰላም ነው፣ ጌታዬ።»

ጀሚላ ሥራዋን እንዳታስፈታት ብላ በእጇ ብቻ ተሰናበተቻትና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።